ለጋብቻ የተፈቀደ ግቢ

በከተማችን ማዘጋጃ ቤት ጋብቻ የሚፈጸምበት ክፍል ያኔ የራሱ መግቢያ አልነበረውም። እዚያ ለመድረስ የቤት ኪራይ የሚከፈልበትን ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ግድ ነበር። ለአንዲት ጓደኛዬ ምስክር ሆኜ የሄድኩ ቀን ሙሽራዋ የቬሎዋን ጫፍ ሰብስባ በሰልፈኛው መሀል ስታልፍ፣ አንዱ ሰውዬ "ተራ ጠብቂ እንጂ! ለብሰሽ ስለመጣሽ ነው?" ብሎ ጮኸባት። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ነበር። ከጠረጴዛው ጀርባ የክብር መዝገብ ሹሙ፣ ከሹሙ ጀርባ ደግሞ የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ማሽንና እስከ ጣሪያው የተቆለለ ፋይል። ወንበር የነበረው ለሙሽሮቹ ብቻ ስለሆነ ምስክሮቹ ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ፈርመን ስንወጣ ሙሽራዋ ባሏን "አለቀ?" አለችው። "አለቀ" አላት። ሁላችንም ሳቅን።

ወንድሜ የሀጂን ልጅ ባይወድ ኖሮ ያን ክፍል ዳግመኛ አላስበውም ነበር።

እናትና አባታችን ከደጋው ከገረሴ ወርደው የከተማችን ታችኛው ሰፈር ሲቀላ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። አባቴ እንደ ወረደ መጀመሪያ የተከለው ነገር ማንጎ ነው። ደጋ ላይ ማንጎ ስለማይበቅል ይመስለኛል፣ እንደ ብርቅ ነበር የሚንከባከበው። ሁለቱም በላይ በላዩ ሲሞቱብን ወንድሜ ገና ተማሪ ነበር። እኔ ማንጎው ሥር ወንበር ዘርግቼ አሳ መጥበስ ጀመርኩ። አሳዬ ከሌላው ቤት አሳ የተለየ አልነበረም፤ ዳጣዬም እንደ ማንኛውም ዳጣ ያቃጥላል። ሰው የሚመጣው ለጥላው ነበር። የሲቀላን የቀን ሙቀት የቀመሰ ሰው ያ ጥላ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በዚያ ጥላ ወንድሜን አስተማርኩት፤ በግብርና ተመርቆ ላንቴ ሙዝ ገበሬዎቹ ዘንድ ተመደበ። እኔ ባል ሳላገባ ዕድሜዬ ሄደ። ለእሱ ስል ነው ማለት ይከብደኛል፤ ሰው ሲጠይቀኝ ግን እንደዚያ እል ነበር።

ልጅቷ ላንቴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። ጠዋት በአንድ ሚኒባስ ይሄዳሉ፣ ማታም በአንድ ይመለሳሉ። መኪናው ሲሞላ እሱ ወርዶ ቦታውን ለእሷ ይለቃል፤ እሷ ደግሞ "እሱ ካልተሳፈረ አልሄድም" ብላ ትወርዳለች፤ ሁለቱም ሥራ ይረፍድባቸዋል። ይህን የነገረኝ ረዳቱ ነው፣ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፣ እነሱ ሙስሊሞች። እሱ አልሰልምም አለ፣ እሷም አልጠመቅም አለች፤ አንዳቸው ሌላውን አላስጨነቁም። የንስሐ አባታችን ነገሩን ስነግራቸው መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና "ጸልዪ" አሉኝ። ለሁለቱ የቀረላቸው በር ማዘጋጃ ቤት ብቻ ነበር።

ለዚያም በር ቢሆን ልጅቷ አንድ ነገር አስቀድማ ተናግራለች። እኔ ቤት ተቀምጣ፣ አሳውን በጣቷ እየነካካች፣ "እትዬ፣ አባቴ ካልመጣ አልፈርምም" አለችኝ። "እናቴ ከሞተች በኋላ ፀጉሬን ይሠራልኝ የነበረው እሱ ነው። አይችልበትም ነበር። ገበያ ያሉ ሴቶች እያዩ ይስቁና ፈተው እንደገና ይሠሩኛል። በማግስቱ ግን እንደገና እሱ ነው የሚሠራኝ።" ወንድሜ አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። "እሺ" አለ። እንደዚያ የተስማሙት ሁለቱ ናቸው፤ እኔ ምን አገባኝ? ግን አገባኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

አባቷን ከተማው በሙሉ ሀጂ ይላቸዋል፤ እኔም ያው ሀጂ እላቸዋለሁ። በልጅነታቸው ከስልጤ አገር ሸቀጥ ተሸክመው የመጡ፣ ኋላ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ጅምላ ነጋዴ የሆኑ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ፣ ከባንኮኒው በላይ፣ አንድ የድሮ ፋኖስ ተሰቅሎ ነበር። የሟች ባለቤታቸው ነው ይባላል። ከደጋ የመጣ ገበያተኛ ሁሉ ሲገባ ዓይኑ ፋኖሱ ላይ ያርፍና ዋጋ ይጠይቃል። ሀጂ "አይሸጥም" ብለው አያውቁም። ማንም የማይከፍለውን ዋጋ ይጠራሉ፤ ሰውዬው "ኧረ ሀጂ!" ብሎ ስቆ ይወጣል። ማንም ተቀይሞ አይወጣም። የገበያው ሰው ይህን ጠባያቸውን እያነሳ ይስቅ ነበር፤ እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ሽማግሌ ላክን። የእናቴ ወንድም ከገረሴ ወረደ፤ ከሰፈራችን ሁለት የተከበሩ ሰዎች ጨመርን። እኔ ሴት ሆኜ ከሽማግሌ ጋር መግባቴ ወጉ አልነበረም፤ እናትም አባትም የሌለው ልጅ ነው ብዬ ገባሁ። ሀጂ ለስላሳ አስከፈቱልን። አጎቴ አማርኛ የሚናገረው ገበያ ሲወርድ ብቻ ስለሆነ ሴትና ወንዱን ያደባልቃል፤ አንተና እርስዎም ለእሱ አንድ ናቸው። "ሀጂ" አለ፣ "ልጅቷ እኛ ቤት ምንም አይጎድልበትም። ሃይማኖቱንም ማንም አይነካበትም። አንተ እሺ በል ብቻ።"

ሀጂ የለስላሳ ክዳኖቹን ከባንኮኒው ላይ ለቀሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንዲህ አሉ፦ "ልጄ የሰረቀችው ነገር የለም፤ በኪራይ ከፋይ መሀል ተሹለክልካ አትዳርም። ቦታው በመንግሥት ለዚሁ የተፈቀደ ይሁን። ግቢ ይሁን፣ ሰው በክብር ይቀመጥበት፣ ሹሙም መዝገቡን ይዞ እዚያ ይምጣ። ያን ቀን እኔ እመጣለሁ።"

አጎቴ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዙት። እኔ ደስታው አናቴ ላይ ወጣ። ግቢ? ግቢማ አለኝ! ከሱቁ ስንወጣ እግሬ መሬት አልነካም። ሰው እንዲህ በቀላሉ ይስማማል ወይ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሹሙ ዘንድ ሄድኩ። ለጡረታ የተቃረቡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። "እህቴ፣ ክልክል ነው አላልኩም" አሉኝ። "ሕጉ ሹሙ ፊት ይላል፤ ሹሙ የት እንደሚቀመጥ አይናገርም። እኔ ግን መዝገቡን ይዤ ከዚህ በር ወጥቼ መዝገቡ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው እኔ ነኝ። ፈቃድ ያለው ቦታ ይሁንና በደስታ እመጣለሁ።"

"ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው?"

መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉ። "እሱን ነው የማላውቀው" አሉ።

ማንም አያውቀውም ነበር። ከሲቀላ ቢሮዎቹ ወዳሉበት ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት ስንቴ እንደ ወጣሁ እግዜር ይቁጠረው። አንዱ ቢሮ "ይሄ የንግድ ጉዳይ ነው" ይላል፤ ሌላው "የባህል ነው" ይላል፤ ሦስተኛው "ለመሆኑ ለምን አስፈለገ? ማዘጋጃ ቤቱ ምን ሆነና?" ብሎ ያፈጥብኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦ አያውቅም የሚለውን ዓረፍተ ነገር በስንት ዓይነት ድምፅ ሰማሁት መሰላችሁ። አንዳንዱ በአድናቆት ነበር የሚለው፤ እነሱ ይብሱብኛል፤ ካደነቁኝ በኋላ ነው የሚመልሱኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ኃላፊው አዋሳ ናቸው። ኃላፊው ተነስተዋል። አንዱ በቀና ልብ ሊረዳኝ የተነሳ ወጣት ሳይጨርስልኝ ለትምህርት ሄደ። ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት አሠራር ለውጥ መጣና ጠረጴዛ ሁሉ ቦታውን ለወጠ፤ የእኔ ጉዳይ የነበረበት ጠረጴዛ የት እንደ ገባ የሚያውቅ ጠፋ። እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ቆሽቴ አርሮ ስመለስ ቤቴ አሳ የሚበላ ሰው ይጠብቀኛል፤ ለእሱ ደግሞ መሳቅ አለብኝ።

ሀጂ በሱቃቸው በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይጠሩኛል። "ፈቃዱ ምን ደረሰ?" ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። ከልባቸው ያዝናሉ፣ ይህን እምልላቸዋለሁ። "አይዞሽ፣ አላህ ያውቃል" ይሉኛል፤ ወንበር ያስወጡልኛል። ልጅቷ ከጓዳው ብቅ ብላ ፊቴን አይታ ትገባለች። እንዲህ እንዲህ እያለ የሚሌኒየሙ ዘፈን በየሻይ ቤቱ መሰማት ጀመረ፤ ወንድሜና እሷ አሁንም በሚኒባሱ አብረው ይመላለሱ ነበር፤ ረዳቱ ግን መሳቁን ትቶ ነበር። የሰው ቀልድም ዕድሜ አለው ለካ።

በመጨረሻ አንድ ኮሚቴ ግቢዬን ሊያይ መጣ። ዙሪያውን ዞሩ፣ አሳ በሉ፣ ዳጣውን አደነቁ፣ እጃቸውን ታጠቡና የጎደለውን ነገሩኝ። መጸዳጃ ቤት የሴትና የወንድ ተለይቶ ይሠራ። ሁለተኛ በር ይከፈት። ዳስ አይቻልም፤ ቋሚ መጠለያ፣ በቆርቆሮ። "ዛፉስ ይበቃ የለም?" አልኩ። ከመሀላቸው አንዱ ቀና ብሎ ማንጎዎቹን አየ፤ ያን ሰሞን ተንዠርግገው ነበር። "ሹሙ ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?" አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም። በአንድ በኩል የመብራት መስመር ስላለ፣ በሌላው በኩል የጎረቤት ግንብ ስለሚጠጋ መጠለያው መቆም የሚችለው መሀል ላይ ብቻ ነው። መሀሉ ላይ ደግሞ የአባቴ ማንጎ ነው የቆመው።

ወንድሜ ከላንቴ እንደተመለሰ ነገርኩት። ግንዱን ተደግፎ ቆመ። "ተይው እትዬ" አለ። "ከኮሪደሩም ይሁን።"

"እሷስ እሺ ትላለች?"

ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ከብት እንደሚያባብሉት። "እንግዲህ አባባ ይቅር ይበለን" አለና ገባ።

ቆራጮቹ ረፋዱ ላይ መጥተው ለምሳ ሰዓት አጋደሙት። ሲወድቅ የተሰማኝ ድምፁ አይደለም፤ ብርሃኑ ነው። ፀሐይ ደርሳበት በማታውቀው የቤታችን ግድግዳ ላይ በአንዴ በራች፤ ቀለሙ ምን ያህል እንደ ጠፋ ያን ቀን ነው ያየሁት። ጎረቤቶች ፍሬውን ሊለቅሙ መጡ፤ ጥሬውን ሳይቀር ወሰዱት። ከዚያ በኋላ እኩለ ቀን ላይ ግቢዬ ውስጥ መቀመጥ የሚችል ሰው አልተገኘም። የለመዱኝ ምሳ በሎች አንድ ሁለቴ በይሉኝታ መጡና የውሃ ሽታ ሆኑ።

ሲሚንቶ ያኔ በፀሎት የሚገኝ ዕቃ ነበር። ሀጂ ከመጋዘናቸው አወጡልኝ። ቆርቆሮውንም ከእሳቸው ነው የገዛሁት፤ የመጣበትን ብቻ ነው ያስከፈሉኝ። ሳመሰግናቸው "ለዘመድ ትርፍ አይያዝም" አሉኝ። ዘመድ አሉኝ! ቆርቆሮውን በጋሪ አስጭኜ ከኋላው እየተከተልኩ በሲቀላ ዋና መንገድ ላይ እያለቀስኩ ሄድኩ። ሰላም የሚለኝን ሰው እንኳ አላየሁም።

ፈቃዱ የወጣው ምንም ልዩ ነገር በሌለበት ቀን ነው። ሌላ ጉዳይ ልጠይቅ ገብቼ "አንቺ፣ ያንቺ ጉዳይ እኮ ተፈርሟል" አለችኝ ጸሐፊዋ፣ ሻይዋን እየጠጣች። ክብ ማህተሙን ስምንተኛው ሺህ የደረሰ ይመስል አፍጥጬ አየሁት። ዳገቱን እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም፤ በቀጥታ ሱቃቸው ገባሁ። ሀጂ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ቆይተው አነበቡት፤ በጣም ቆይተው። ከዚያ በዕጥፋቱ አጥፈው መለሱልኝ።

"መቼ ነው?" አሉ።

የመረጥነውን ቀን ነገርኳቸው።

"እሺ" አሉ።

ይህቺን እሺ ስንት ዓመት አላመጥኳት። ድምፃቸው እንዴት ነበር? ፊታቸውስ? ያን ቀን ግን ምንም አልታየኝም፤ አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

ሹሙ ስለ ጋብቻው ማስታወቂያ አወጡ፤ የተቃወመ ሰው አልመጣም። በቀኑ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ መዝገቡን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በባጃጅ መጡ። እኔ አዲሱ መጠለያ ሥር ወንበሮቹን ደርድሬያለሁ። ከፊት፣ መሀል ላይ፣ አንድ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ከጎረቤት ተውሼ አስቀመጥኩ፣ ለሀጂ። የምግቡን ነገር በጥንቃቄ ነው የያዝኩት፤ የእነሱ ወገን የሚበላውን የሰፈራቸው ሰዎች ራሳቸው አርደውና ሠርተው አመጡ። አጎቴ ከገረሴ የሸማ ጋቢውን ለብሶ ወርዶ ፊት ለፊት ቁጭ አለ። ልጅቷ ከአክስቷና ምስክር ከሚሆኑላት ሁለት አስተማሪዎች ጋር ገባች። አረንጓዴ ልብስ ነበር የለበሰችው። መጀመሪያ ያየችው ወንድሜን አይደለም፤ ወንበሩን ነው።

"ከኋላ እየመጣ ነው" አለች። "ቅደሙ ብሎኝ ነው።"

ጠበቅን። የቆርቆሮው ሙቀት አናታችን ላይ ወረደ። ሹሙ ሰዓታቸውን በስውር ያያሉ፤ ሳያቸው እጅጌያቸውን ይጎትታሉ። ወንድሜ በየመኪናው ድምፅ ይነሳል። ከዓባያ በኩል የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ መጣና የጠረጴዛውን ልብስ ገለበጠው። ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ አልተቀመጠችም። እኔ አልቻልኩም፣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ሱቁ አንድ መዝጊያው ብቻ ክፍት ነበር። ሀጂ ከውስጥ፣ የምስማር ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። አዲስ ነጭ ጀለብያ ለብሰዋል፣ ቆባቸው አዲስ ነው፣ ጫማቸው ተወልውሏል። ፋኖሱ ከራሳቸው በላይ እንደ ወትሮው ተንጠልጥሏል።

"ሀጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ለብሰዋል እኮ።"

"ከንጋት፣ ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ለብሻለሁ።"

"ታዲያ እንሂዳ! ባጃጁ በር ላይ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። እንደዚያ ያለ ዓይን በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። "እህቴ" አሉ፣ "እዚያ ገብቼ ከተቀመጥኩ መረቅሁ ማለት ነው። ሃይማኖቴ ይህን አይፈቅድልኝም። እምቢ ብዬ ደግሞ በዚያች ልጅ ፊት መቆም አልችልም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እምቢ ብያት አላውቅም። እኔ ዋጋ ነው የጠራሁት። ትከፍያለሽ ብዬ አላሰብኩም።"

ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ዓይኔ ወደ ፋኖሱ ሄደ፤ ባንኮኒውን ያዝኩ። ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ ቢሮ፣ "ኧረ ሀጂ!" ብዬ ስቄ መውጣት ነበረብኝ ለካ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ዛፌን ቆርጫለሁ!" ብዬ ጮኽኩ። "አባቴ የተከለውን ዛፍ ቆርጫለሁ፣ ሀጂ!"

"አውቃለሁ። ቆርቆሮውን የሸጥኩልሽ እኔ ነኝ።"

"ለምን ሸጡልኝ ታዲያ?"

"ቆርቆሮ ጠየቅሽኝ" አሉ፣ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ እየገባ። "ቆርቆሮ ነበረኝ።"

ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ከምድር አነሱኝ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ግን ከካርቶኑ አልተነሱም። ባጃጁ ሁለቴ ጥሩንባ ነፋ። ብቻዬን ተመለስኩ።

መናገር አላስፈለገኝም። ልጅቷ በሩ ላይ ስታየኝ ገባት። ወደ ወንድሜ ሄዳ አንድ ነገር አለችው፣ አልሰማሁትም። እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ የላንቴው ሚኒባስ ላይ ቦታውን ለቆላት ሲወርድ እንደዚሁ ይነቀንቅ ነበር ይባላል። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። "ይቅር በይኝ፣ እትዬ" አለች። "ያለ እሱ አልችልም። አልኩሽ እኮ።" ብላኛለች፣ እውነቷን ነው። ከአክስቷ ጋር ወጣች፣ አዲስ ባስከፈትኩት በሁለተኛው በር በኩል። ሹሙ ያልተጻፈበትን መዝገብ በጨርቁ ጠቀለሉ። ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው መሰለኝ፣ ሲወጡ ጠጋ ብለው "ፈቃዱ እንደሆነ አይሰረዝም፤ የጸና ነው" አሉኝ። አጎቴ ምኑም አልገባውም። ወዲያ ወዲህ እያየ "ልጅቷ የት ሄደ?" ይላል። "ልጅቷ የት ሄደ?"

ወንድሜ ዝውውር ጠይቆ ሩቅ ሄደ። በስልክ ስለ ዝናብ እናወራለን፤ ዘነበ እላለሁ፣ እዚህም ዘነበ ይላል። ልጅቷ ከጊዜ በኋላ ቡታጅራ ለአንድ ነጋዴ ተዳረች ሲባል ሰማሁ። እኔ ሀጂን ጠላኋቸው። ይህን ለማሳመር አልሞክርም፤ በሱቃቸው በር ላለማለፍ ስል ዙሪያ ጥምጥም እየሄድኩ ገበያ የምገባ ሴት ሆንኩ። ከጥላቻው የባሰብኝ ግን በውስጤ ያለው ባዶ ነገር ነው። ጠዋት ስነሳ የምሄድበት ቢሮ የለም፤ የምለምነው ኃላፊ የለም። ዳገቱ እንኳ ናፈቀኝ።

ቆይቶ፣ ወሳኝ ኩነት የሚሉት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በየቦታው ሲጀመርና ሰው ለወረቀት ትኩረት ሲሰጥ፣ ፈቃድ ያለው ግቢ አለ መባሉ ተሰማ። ጥንዶች መምጣት ጀመሩ። አንዳንዶቹ እንደ ወንድሜና እንደዚያች ልጅ ሃይማኖታቸው የተለያየ ነው፤ ወላጆቻቸው ዳር ላይ ተጣብቀው፣ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ግን መጥተው ይቀመጣሉ። እንጀራዬ በዚያ ሆነ። ወንበር እደረድራለሁ፣ የጠረጴዛውን ልብስ አነጥፋለሁ፤ አዲሱ ሹም መሐላውን ሲጀምር ግን ኩሽና እገባለሁ። እልልታውን ከግድግዳ ጀርባ ነው የምሰማው። ሁሉም ገና ሲገቡ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ "ጥላ የለውም እንዴ ግቢው?" የለውም እላለሁ።

ሀጂ የመጡት በሥራ ቀን ነው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ማንም በሌለበት። ሱቁን ለወንድማቸው ልጆች ትተው ነበር፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። በሩ ላይ ቆመው "መግባት ይቻላል?" አሉ። ለዚህ ቀን ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። ይግቡ አልኳቸው። ገብተው መጠለያውን ቀና ብለው አዩ፣ ያንን ቆርቆሮ።

"ወንድምሽ አገባ?" አሉ።

"አላገባም።"

"እሷ ለዒድ ትደውላለች" አሉ። "ደህና ነኝ ትላለች። እኔም ደህና ነኝ እላለሁ።" ከዚያ በከዘራቸው የተደረደሩትን ወንበሮች አመለከቱ። "የእኔ የት ነበር?"

ጎንበስ ብዬ አንዱን ወንበር አነሳሁና ከፊት፣ መሀል ላይ፣ የማንጎው ጉቶ በነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ልብሳቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙ፣ ቀጥ አሉ። ሙቀቱ ከላይ ይጋግር ነበር፤ ውሃ አምጥቼ ሰጠኋቸው፣ ያዙት እንጂ አልጠጡትም። ገና የሚጀመር ነገር እንዳለ ሁሉ ባዶውን ጠረጴዛ እያዩ ቁጭ አሉ።